የጡጦ ጫፍ የጠፋ ጊዜ

ላስቲክ ሲቃጠል እንዴት እንደሚሸት የማያውቅ ሰው ካለ እድለኛ ነው። እኔ አውቃለሁ። ያወቅሁትም በገዛ ምድጃዬ፣ በገዛ እጄ፣ ባለቤቴ ስንዱ ከወሊድ ፈቃድ ወደ ሥራዋ በተመለሰች ሰሞን ነው።

ነገሩ በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ የሆነ ነው። ስንዱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ክፍል ትሠራ ነበር። እኔ ደግሞ ስሙን በማልጠራው አንድ የመንግሥት የንግድ መሥሪያ ቤት የፍላጎት ጥናት ባለሙያ ነበርሁ። ሲጠሩት ትልቅ ይመስላል፤ ሥራው ግን ቀላል ነው። የከተማው ሰው ምን ፈልጎ እንዳጣ ማወቅና «ይህን ያህል ይላክልን» ብሎ ወደ አዲስ አበባ መጻፍ። ባልደረባዬ አንማው በየወሩ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ «ሰው ጠይቆ ያጣው ምንድን ነው?» ይላል። ባለሱቆቹ ለእሱ ይነግሩታል፤ እሱ ለእኔ ይነግረኛል፤ እኔ ደምሬ ለሥራ አስኪያጃችን አቀርባለሁ። ከሁለታችን አንማው እግር ነበር፣ እኔ ጭንቅላት። የጭንቅላቱን ነገር እናንተው ትፈርዳላችሁ።

የበኩር ልጃችን ይበልጣል ይባላል። ስሙን ያወጡለት የስንዱ እናት ናቸው። ከማን እንደሚበልጥ አልነገሩንም፤ በጩኸት ከሆነ ግን ትክክል ነበሩ። ስንዱ ሥራ ስትገባ፣ ቀን ቀን እኅቷ ትርንጎ ልትይዘው፣ ወተቱንም በጡጦ ልታጠጣው ተስማማን። ጡጦው የስንዱ አጎት ከአስመራ ያመጡልን ነው። ጠርሙሱ ምንም አይደል፤ ጠርሙስ የትም አለ። ትልቁ ነገር ጫፉ ነው፤ በጠርሙሱ አንገት ላይ የሚጠለቀው፣ ሕፃኑ የሚጠባው ለስላሳ ላስቲክ። ይበልጣል ያን ላስቲክ ከእናቱ ጡት ለይቶ አላየውም።

የክሊኒኳ ነርስ የጡጦውን ጫፍ በየዕለቱ እንድንቀቅለው አዝዛን ነበር። አንድ ቀን ተራው የእኔ ሆነ። ትንሿን ድስት ጥጄ፣ እስኪፈላ ብዬ ጋዜጣ አነሣሁ። ጋዜጣው ስለ ማእከላዊ ዕቅድ የሚያትት ረጅም ጽሑፍ ይዞ ወጥቷል፤ ሙያዬ ነውና ጀመርሁት። ውኃው ፈላ፣ ተነነ፣ አለቀ። ድስቱ ቀላ። እኔ ገና የሕዝብን ፍላጎት አስቀድሞ ስለማወቅ የሚተርከው ክፍል ላይ ነበርሁ። ትርንጎ ከጓሮ እየሳለች ገባችና «ጋሼ፣ የመኪና ጎማ ነው እንዴ የሚቀቅሉት?» አለችኝ። ወደ ድስቱ ሳይ ጫፉ ሬንጅ ሆኖ ተጣብቋል።

በማንኪያ ይለምዳል ብለን ነበር። አልለመደም። ማንኪያ ሲያይ ከንፈሩን እንደ በር ይቀረቅራል። ትርንጎ በቀትር አዝላው ፋብሪካው በር ድረስ ትሄዳለች፤ ስንዱ በምሳ እረፍቷ እየሮጠች ወጥታ ታጠባዋለች፤ ልጁ ሳይጠግብ ደወል ይደወላል። ያን ጊዜ እናትም ልጅም ያለቅሳሉ። ጥቂት ቀን እንዲህ ከሰነበትን በኋላ፣ ስንዱ ከሥራ መጥታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ካልተገኘ ሥራዬን እለቃለሁ» አለች። «ልጄን አስርቤ የሰው ክር አልፈትልም።»

ያን ሥራ ለማግኘት ስንት ደጅ እንደጠናች አውቃለሁ። ደግሞም ትወደው ነበር፤ ማሽኖቿን እንደ ላም ስም አውጥታላቸዋለች፤ አንዷ ስትበላሽባት ማታ እራት አይበላላትም። ስለዚህ በማግሥቱ የጡጦ ጫፍ ፍለጋ ወጣሁ።

ባሕር ዳር ያኔ እንደ ዛሬ አልሰፋችም፤ ቢሆንም ቢስክሌት ለሚነዳ ሰው የማታልቅ ከተማ ናት። ከቢሮ ስወጣ፣ አንዳንዴም መውጫ ሰዓት ሳይደርስ፣ ሱቅ የተባለውን ሁሉ አዳረስሁ። ጨው የሚሸጠውን፣ ክር የሚሸጠውን፣ አንዴማ ሚስማርና ማጠፊያ የሚሸጠውን ሰውዬ ጠይቄ እስኪበቃው ሳቀብኝ። ጠዋት ባልየው «የለም» ካለኝ፣ ከሰዓት ሚስቲቱ ስትቀመጥ ተመልሼ እጠይቃለሁ፤ ባል የማያውቀውን ሚስት ታውቃለችና። ስጠይቅም ዝም ብዬ አይደለም። «ይኸ ነገር እኮ በጣም ይፈለጋል፤ ቢመጣ ወዲያው ነው የሚያልቀው፤ አስቀምጡልኝ» እላለሁ። ባለሱቁ እንዳይንቀኝ ብዬ ነው እንጂ፣ በጣም ይፈለጋል ያልሁት እኔ በጣም ስለፈለግሁት ብቻ ነው።

የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ዓባይ ማዶም ሄድሁ። እዚያ እማማ የሺ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ዕቃቸውን በእጃቸው እየዳሰሱ ነው የሚሸጡት። ሌላው ባለሱቅ «የለም» ብሎ ከደጅ ሲመልሰኝ እሳቸው በርጩማ ሰጡኝ። የልጁን ስም፣ የእናቱን ሥራ፣ የድስቱን ነገር ሳይቀር አወጣጡኝ። ተናግሬ ስጨርስ ድምፄ ተሰባብሮ ነበር።

«ጎንደር የእኅቴ ልጅ አለች፤ ሆስፒታል ነው የምትሠራው» አሉኝ። «እልክባታለሁ። አንተ ግን ራስህ ና። ሰው ብትልክ አላውቀውም፤ ያንተን ድምፅ ይዤዋለሁ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ለማለት ቢስክሌት አያስፈልግም፤ ለመመለስ ነው የሚያስፈልገው።

ወሩ አለቀና አንማው ዞሮ መጣ። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የሰማውን ሲነግረኝ፣ ገበያው አካባቢ የጡጦ ጫፍ ተጠይቆ ጠፍቷል፤ ሐይቁ ዳር የጡጦ ጫፍ፤ ጊዮርጊስ ሰፈር የጡጦ ጫፍ፤ ዓባይ ማዶም የጡጦ ጫፍ። ስኳርና ሳሙና እንኳ እንዲህ ተባብረው ጠፍተው አያውቁም።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ለካ ድስት ያሳረረ አባት እኔ ብቻ አይደለሁም። ወዲያው ግን ደነገጥሁ። ይህ ሁሉ አባት ለፍለጋ ከወጣ እኔ መቀደሜ ነው። እነዚህ ጠያቂዎች እነማን እንደሆኑ አንማው አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የእኛ ሥራ የተጠየቀውን ማወቅ እንጂ የጠየቀውን ማወቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ብቻዬን መፈለጉ አልበቃኝም። ትርንጎ ልጁን አዝላ የገበያውን ሱቆች ያዘች። አንማው በሚዞርበት ሁሉ ለእኔም እንዲጠይቅልኝ ለመንሁት፤ ደግ ሰው ነውና በገባበት ጠየቀልኝ። ሥራ አስኪያጃችን ለመስክ ሥራ ከሐይቁ ማዶ ወደ ደምቢያ ሊሄድ ተነሣ። ኮስታራ ነው፣ ግን የልጆች አባት ነው፤ ችግሬን ብነግረው ቆላ ድባ ገበያ ሲደርስ እንደሚጠይቅልኝ ቃል ገባልኝ። ዓባይ ማዶ ደግሞ ስለራቀብኝ ወደ እማማ የሺ ትርንጎን ላክሁ። «የለኝም ልጄ» ብለው መለሷት። ሌላ ቀን አንማው ጠየቃቸው፤ ለእሱም የለኝም አሉት።

ባለሱቆቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። አንዱ ለደንበኛዬ ብሎ ከጎረቤቱ ሱቅ ይጠይቃል፤ ጎረቤቱ «ይኸ ሰው አንድ ነገር ቢያውቅ ነው» ብሎ ከሌላው ይጠይቃል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ። ከቤታችን ትይዩ ያሉት፣ የመጨረሻ ልጃቸውን ከዳሩ የሰነበቱ ባልቴት እንኳ መንገድ ላይ አስቁመውኝ «ካገኘህ ለእኔም አንድ፤ ለክፉ ቀን ይሆናል» አሉኝ። ምን ዓይነት ክፉ ቀን እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርሁ።

በሚቀጥለው ወር አንማው እንደ ልማዱ ሱቆቹን ዞረ። ባለሱቆቹ የጡጦ ጫፍ መከራ አሳየን አሉት። ከአስጨናቂዎቹ አንዱ እሱ ራሱ መሆኑ ትዝ ሳይለው ሰምቶ መጣ። እኔ ለመጠባበቂያ ብዬ ትንሽ ጨመርሁበት። ሥራ አስኪያጁ፣ አዲስ አበባዎች ከጠየቅነው ላይ ግማሹን መቁረጥ ስለሚወዱ፣ አስቀድሞ እጥፍ አደረገው። አንድ ልጄ በባለሱቆች አፍ ሰፈር ሆነ፤ በአንማው አፍ ከተማ ሆነ፤ በእኔ ብዕር አውራጃ ሆነ፤ ከሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ሲነሣ ክፍለ ሀገር አክሎ ነበር። ቤት ውስጥ ግን ያው አንድ ነው፤ ማንኪያ ሲያይ አፉን ይዘጋል።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ትንሽ ቆይቶ ከሐይቁ ማዶ ካሉት ባልደረቦቻችን ወሬ መጣ፤ ቆላ ድባ ላይም የጡጦ ጫፍ መጠየቅ ጀምሯል፣ ነጋዴው ሁሉ ምን ነገር ነው እያለ ነው የሚል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። ከሐይቁ ወዲህም ወዲያም በአንድ ጊዜ የሚጠፋ ዕቃ በራሱ አልጠፋም፤ የደበቀው ሰው አለ አለ። አሻጥር ነው አለ። ያ ቃል በዚያ ዘመን የዋዛ አልነበረም። የተለጠፈበት ባለሱቅ ሱቁ ይታሸጋል፤ ባለሱቁ ራሱ የሚታሸግበት ጊዜም ነበር።

የቀበሌ ሰዎች ፍተሻ ወጡ። ከአንድ ሱቅ፣ በሻይ ቅጠል ጣሳ ውስጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለሉ ጥቂት የጡጦ ጫፎች ተገኙ ተባለ። ባለሱቆች በሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ እንዲሰበሰቡ ታዘዘ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ሆንሁ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። ስንዱ ሥራዋን ልትለቅ ጥቂት ሲቀራት፣ ልጄ ሲከሳ፣ አንዱ ጨካኝ በጣሳ ደብቆ ዋጋ ይጠብቃል እያልሁ ብዕሬን እንደ ጩቤ ሞርጄ ገባሁ።

ጨካኙ ሲገባ እማማ የሺ ሆነው ተገኙ። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የአንማውን ክንድ ይዘዋል። ተከሳሿን ደግፎ ያመጣቸው ያው ደጉ አንማው ነው።

ትርንጎ ተጠርታ ምስክርነት ሰጠች፤ ሄጄ የለኝም አሉኝ አለች። ሥራ አስኪያጁ አሮጊቷን ላለማስደንገጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዕቃው እያለዎት ለምን የለኝም ይላሉ ሲል ጠየቃቸው።

«ሰው አስቀምጪልኝ ብሎኝ ነዋ» አሉ።

«ማን?»

«ስሙን አልያዝሁም። ልጁ ግን ይበልጣል ይባላል። እናቱ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ያኛውን ድስት ላይ ረስቶ ያሳረረው አባት ነው። ራስህ ና ብዬው ነበር፣ ቀረ። ሕፃኑ አንድ ነገር ሆኖበት ይሆን እያልሁ ለጊዮርጊስ ስለት ተሳልሁ።»

ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ቆመች። ትርንጎ እኔን ታያለች፤ እኔ ቀለሙን አያለሁ። ሥራ አስኪያጁ ብዕሬ መቆሟን አይቶ፣ ያሉትን ጻፍኸው ወይ አለኝ።

«ጽፌያለሁ ጓድ» አልሁ።

እማማ የሺ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ይኸውና ድምፁ» አሉ። ከዚያም በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ በበርጩማ ላይ እንዳስቀመጡኝ ቀን ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ሕፃኑ ደኅና ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ደኅና ነው እማማ ማለቴን አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ጎርፍ ነው። አንድ ባለሱቅ ተነሣና ጠዋት እኔን፣ ከሰዓት ሚስቴን የጠየቀው ይኸ ሰው ነው አለ። ሌላው እኔን የጠየቀችኝ ያች ምስክሯ ልጅ ናት አለ። ሦስተኛው ጣቱን ወደ አንማው ቀሰረ፤ አንማው ቆሞ፣ እኔ የጠየቅሁት ለእሱ ነው፣ ብሎ ወደ እኔ አመለከተ። አንዷ ባለሱቅ ደግሞ ከጎረቤቴ ነው የሰማሁት አለች፤ ጎረቤቷም ከእሷ እንደሰማ ማለ። ክሩ በየትም በኩል ቢመዘዝ መጨረሻው እኔ ቤት ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና፣ እሺ፣ የባሕር ዳሩ ይሁን፤ የቆላ ድባው ግን ከየት መጣ አለ። ካለ በኋላ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። መነጽሩን አወለቀ፤ በመሐረቡ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው።

«ቆላ ድባ የጠየቅሁት እኔ ነኝ» አለ።

አለቃ ፊት መሳቅ በዚያ ዘመን ይፈራል። መጀመሪያ የሳቁት እማማ የሺ ናቸው፤ ማን ፊት እንዳሉ ስለማያዩ ይሆናል። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያማ አዳራሹ ፈረሰ ማለት ይቻላል።

ሳቁ ሲበርድ ግን ሥራ አስኪያጁ ዋናውን ነገር አልረሳም። ለጎረቤት ሳይሆን፣ ለደንበኛ ሳይሆን፣ ለራሱ ልጅ የፈለገ እጁን ያውጣ አለ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ እጅ ብቻ ወጣ፤ በቀለም የተበከለ እጅ፤ የእኔ። መሥሪያ ቤታችን ከተቋቋመ ጀምሮ ካደረገው የፍላጎት ጥናት ሁሉ ያን ቀን የተደረገው አጭሩና ትክክለኛው ነበር።

እማማ የሺ ነጻ ተባሉ፤ ጣሳቸውም ተመለሰላቸው። ከጣሳው አንዱን አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ሌሎቹንም ልግዛ ብላቸው «ለአንድ አፍ አንድ ይበቃል፤ የቀረው ለሌላ ልጅ ነው» ብለው ከለከሉኝ። ቤት ስደርስ ይበልጣል ጫፉን አፉ ውስጥ ሲያገኝ እንደ ዳኛ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ቀመሰው፤ ከዚያ እስኪያልበው ጠባ። ስንዱ የአዳራሹን ወሬ ከትርንጎ ስትሰማ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። ሰኞ ሥራዋ ላይ ነበረች። መቀቀሉን ግን ከዚያ ወዲያ ለእኔ አልሰጠችኝም።

ቀረ የምትሉት ያ ክፍለ ሀገር ያከለው ትዕዛዝ ነው። እንዲሰረዝ ቴሌግራም ላክን። አዲስ አበባዎቹ ስለ ጡጦ ጫፍ ተደጋግሞ ሲመጣባቸው፣ ነገሩ የባሰ መስሏቸው መሰለኝ፣ ሳይቆርጡ የተጠየቀውን ሁሉ ጫኑት። በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ የጠየቅነው ሳይጎድል የመጣው ያን ጊዜ ብቻ ነው። መኪናው ካርቶኖቹን ሲያራግፍ ሥራ አስኪያጁ ከመስኮት እያየ ነበር። አስጠራኝና፣ ያመጣኸው አንተ ነህ፣ ባለቤቱን የምትፈልግለትም አንተ ነህ አለኝ። ቁጣም አልነበረበት፤ የደከመው ሰው ንግግር ነው።

በየሱቁ አከፋፈልሁ። ነገር ግን ይፈለጋል ሲባል የሚሻማው ባለሱቅ ዕቃው ፊቱ ሲደረደር አላውቅህም አለኝ። እኒያ ለክፉ ቀን ያሉት ባልቴት እንኳ ሐሳባቸውን ቀይረዋል። የቀረውን ካርቶን በቢስክሌቴ ኋላ አስሬ፣ የዘጌ ጀልባዎች ከሚቆሙበት የሐይቅ ዳር ሄጄ ቆምሁ። ገበያተኛ የሚበዛበት ቦታ ነው ብዬ እንጂ ሌላ ዕቅድ አልነበረኝም። ዕቅድ ያስጠላኝ ጀምሮ ነበር።

አንድ ማለዳ ቡናቸውን ሸጠው ወደ ዘጌ የሚመለሱ ቄስ አጠገቤ ቆሙ። አንዱን ጫፍ አንሥተው በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉና ለምን እንደሚሆን ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ጫፉን ከእጃቸው ሳያወርዱ፣ ሴት ልጃቸው በወሊድ እንዳረፈችባቸው፣ የተወችላቸውን ሕፃን ባለቤታቸው ጥጥ ወተት ውስጥ እየነከሩ እንደሚያጠቧት፣ ሕፃኗም እየሰለለች መሆኗን በዝግታ አወጉኝ።

ባለሙያነቴ አይለቀኝምና፣ «አባቴ፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ከሱቅ አልጠየቁም?» አልኋቸው።

«መኖሩን የማናውቀውን ምን ብለን እንጠይቅ?» አሉኝ።

ይህን መልስ ለሥራ አስኪያጁ ስነግረው፣ ዘጌ ሂድ አለኝ። ሱቅ እንዳትጠይቅ፤ ቤት ግባ አለኝ።

ሄድሁ። የቄሱን ቤት በቡናው ጥላ ውስጥ ጠይቄ አገኘሁት። ሕፃኗ በአያቷ ጭን ላይ ናት። ሐይቅ ዳር ለቄሱ የሰጠኋቸውን ጫፍ ጠበል ይቀዱበት በነበረ ጠርሙስ አንገት ላይ አጥልቀውላታል። ወተቱ አልቆ አየር ትስባለች፤ አያቷ ሊወስዱባት ሲሞክሩ በሁለት እጆቿ ጨምድዳ ያዘችው። ቄሱ ይህን ጉልበት ከየት አመጣችው እያሉ ይስቃሉ፤ ባለቤታቸው ደግሞ እኔን እያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈን አደረጉ።

ካርቶን ይዤ መምጣቴ ከእኔ ቀድሞ ተሰምቶ ኖሮ፣ ከአጥሩ ማዶ ሴቶች ተሰብስበዋል። አንዷ ለእኔም ስትል ሌላዋ ለእኔ ሁለት አለች፤ ሦስተኛዋ ለእኅቴም ጭምር አለች። እኔ ካርቶኑን መሬት ላይ አኑሬ ክዳኑ ላይ ተቀመጥሁበት።

«እስቲ መጀመሪያ ልጆቹን አሳዩኝ» አልኋቸው።